መርዶ በሰው አገር

በጡረታ በተሰናበትኩበት ዕለት የመሥሪያ ቤቱ ወጣቶች ኬክ አዘጋጅተው ነበር፤ በኬኩ ላይ በሰማያዊ ክሬም አውሮፕላን ተስሏል። የእኔ ሙያ አውሮፕላን አልነበረም። የተማርኩት የውኃ ወፎችን ነው። የዶክትሬት ማዕረጌን ያገኘሁት በሰሜን ሕንድ ሲሆን፣ ያጠናሁትም ብርድ ሸሽተው ከሂማላያ ተራሮች ማዶ ወደዚያ አገር ሐይቆች ስለሚወርዱ ዳክዬዎች ነው። ከተሰብሳቢዎቹ መካከል ይህን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ንግግር እንዳደርግ ተጠየቅሁ፤ አመሰገንኩና ተቀመጥኩ።

ብናገር ኖሮ የምናገረው ስለ አንድ ጉዞ ነበር። በጉዞው የነበሩት ሁለቱ ዋና ሰዎች ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ስለዚህ የምጽፈው ማንንም አይጎዳም። ይቅርታ ለመጠየቅም አይደለም የምጽፈው። ያኔ ያደረግሁትን ዛሬም አደርገዋለሁ።

ከሕንድ ተመልሼ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የዱር እንስሳት ባለሙያ ሆኜ ተቀጠርኩ። የመጀመሪያ ምድቤ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር ነበር። የመጀመሪያው አለቃዬ ወፍ መቁጠርን እንደ ሥራ የማይቆጥር ሰው ነበር፤ «ዶክተር፣ የጎደለ አለ እንዴ ዛሬ?» እያለ ይስቅብኛል። ሁለተኛው አይስቅም ነበር፤ ሪፖርቴን በራሱ ስም ያቀርብ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ መሥሪያ ቤቱ እንደገና ተዋቀረ፤ በአዲሱ መዋቅር ውስጥ ለእኔ ሙያ ወንበር አልተገኘለትም። በዘመኑ አጠራር «ተንሳፋፊ» ሆንኩ፦ ደመወዝ እየተከፈለው ሥራ የሌለው ሠራተኛ ማለት ነው። ውሎ አድሮ ደመወዙም ቆመ።

በሰማንያዎቹ አጋማሽ ነፋስ ስልክ ውስጥ፣ ከአንድ ጎሚስታ ቤት በላይ፣ ሁለት ክፍል ያላት የጉዞ ድርጅት ተከፍታ ነበር። ባለቤቱ ቀደም ሲል የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነበር። የተቀበለኝ ለዕውቀቴ አይደለም፤ «ዶክተር» የሚለው ማዕረግ በካርድ ላይ ሲታተም ደንበኛ ይስባል ብሎ ስላመነ ነው። ይህንኑም ሳያፍር ነገረኝ። የሚከፍለኝ ከመንግሥቱ ይሻል ነበር፤ ስለ ክፍያው ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ሥራውን ያስተማሩኝ የድርጅቱ ዋና አስጎብኚ ጋሽ ታደለ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮታቸውን በሙቀትም በብርድም የማያወልቁ ሰው ነበሩ። የውጭ አገር እንግዶችን ወደ ሰሜን አብያተ ክርስቲያናትና ወደ ጣና ሲወስዱ ጸጉራቸው ሸብቷል። ሌላው አስጎብኚ ከፊት ሲቀድም ጋሽ ታደለ ከኋላ ይሄዱ ነበር፤ ከፊት የሚሄድ ሰው የሚያየው መንገዱን እንጂ ሰዎቹን አይደለም ይላሉ። በጣት አይጠቁሙም፤ መዳፋቸውን ዘርግተው ያሳያሉ። ሰው አንድ ነገር በዓይኑ እያየ ሳለ አያብራሩለትም፤ አይቶ እስኪጨርስ ይጠብቁታል። ከጉዞ በፊት ደግሞ የእያንዳንዱን ተጓዥ ሕመም፣ የሚጾመውን ጾምና የቤተሰቡን ስም ያጠናሉ።

ከጣና ጉዞዎች አንዱን አስታውሳለሁ። አንድ የውጭ አገር ሽማግሌ ከሚስቱ ጋር መጥቶ ነበር። ገዳሙ ሴት አያስገባም፤ ሚስትየዋ ከእኔ ጋር ጀልባው ላይ ቀረች። ጋሽ ታደለ ግን ሰውየውን ለአንድ መነኩሴ አደራ ሰጥተው ወደ እኛ ተመለሱና ከሴቲቱ ጎን ተቀመጡ። ስለ ገዳሙ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ስለ ልጆቿ ጠየቋት። በኋላ ለምን ወደ ውስጥ እንዳልገቡ ብጠይቃቸው፣ «የገባው ሰው የሚያየው አለው» አሉኝ። «የአስጎብኚ ቦታ ጀልባ ላይ ከቀረው ሰው ዘንድ ነው።» ይህን አባባል ወደድኩት። በዚያው ቀን ልቤ ውስጥ አኖርኩት።

የኔፓል ጉዞ የባለቤቱ ሐሳብ ነበር። ለሸቀጥና ለሕክምና ወደ ቦምቤይና ወደ ዴልሂ የሚመላለሱ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ጥቂት ቀን ጨምረው የሂማላያን አገር ቢጎበኙስ አለ። ከቢሮው በር ላይ «ቤተ መቅደስ፣ ሐይቅ፣ የዱር አራዊት» የሚል ጽሑፍ አሰቀለ። እኔ ሂንዲ እናገራለሁ፤ አካባቢውንም አውቀዋለሁ። ፕሮግራሙን እኔ አዘጋጀሁ፤ የቡድኑ መሪ ጋሽ ታደለ ሆኑ። የዐዋጅ ጾም የሌለበት ወቅት እንዲሆን ብለን ጥቅምትን መረጥን። ጾሙ ግን አልቀረልንም፤ ሥጋው የማን እርድ እንደሆነ ስለማይታወቅ ሁሉም ከምስርና ከሩዝ በቀር አልቀምስም አለ።

ከተጓዦቹ መካከል ሁለቱን ላስተዋውቅ። አንደኛው ግርማ የሚባል የጫማ ነጋዴ ነው፤ አፉ የማያርፍ፣ በሁሉም ነገር ላይ የሚከራከርና በሁሉም ነገር ላይ የሚቀልድ። ሁለተኛዋ ወይዘሮ አሰገደች ናቸው፤ ጎፋ ውስጥ ወፍጮ ቤት ያላቸው፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ አንድ ልጅ ብቻ ያላቸው ሴት። ልጁ ዮናስ ይባላል። የጉዞውን ገንዘብ የከፈለላቸው እሱ ነው፤ «አንድ ጊዜ እንኳ ከዱቄት ውጪ ሌላ ነገር ይዩ» ብሎ። ወፍጮውንም እስኪመለሱ እሱ ይጠብቃል።

ካትማንዱ ስንደርስ የመጀመሪያው ቤተ መቅደስ በር ላይ ጫማ ማውለቅ ግድ ነው ተባለ፤ ቀበቶም ጭምር፣ ቆዳ ነውና።

«እኔን ነው ቆዳ አውልቅ የሚሉኝ?» አለ ግርማ ሱሪውን በእጁ ይዞ። «ጋሽ ታደለ፣ ይሄ አምላክ የንግድ ፈቃዴን ሊነጥቀኝ ነው!»

ወይዘሮ አሰገደች በሩ ላይ ቆመው ማተባቸውን ይዘዋል። «ዶክተርዬ፣ ብገባ ንስሐ ያስገባኛል?»

«እትዬ፣ እኔ የወፍ ዶክተር ነኝ።»

«እሱንማ ሰማሁ። የነፍሱ አባት ሲጠፋ የወፏም ትጠየቃለች።»

ጋሽ ታደለ ከኋላ ሆነው፣ «ማየት መስገድ አይደለም፣ እትዬ፤ ይግቡ» አሏቸው። ገቡ። ካህኑ ግንባራቸውን ቀይ ሊቀባቸው እጁን ሲዘረጋ ግን በእሳቸው ዕድሜ በማይጠበቅ ፍጥነት ጎንበስ ብለው አመለጡት።

ከዚያ ወጥተን ስንሄድ በአንድ ወንዝ ዳር ሬሳ ይቃጠል ነበር። ተጓዦቹን ወደዚያ ልወስዳቸው አላሰብኩም፤ መንገዱ ነው ያደረሰን። ወይዘሮ አሰገደች ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩ። ነጭ የለበሰ፣ ጸጉሩን የተላጨ ወጣት እሳት ይዞ ሲዞር አይተው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ።

«የሟቹ ልጅ ነው» አልኳቸው። «እሳቱን የሚለኩሰው ልጅ ነው።»

«አፈር ባይለብሱም ሥርዓቱ አንድ ነው ለካ» አሉ። «የትም አገር ቢሆን ወላጁን የሚሸኝ ልጅ ነው። እኔንም ዮናሴ ይሸኘኛል።»

ከካትማንዱ ወደ ቺትዋን የዱር አራዊት ፓርክ ወረድን። የተማርኩት ነገር በሥራ ዘመኔ ዋጋ ካገኘባቸው ጥቂት ቀናት መካከል እነዚያ ይቆጠራሉ። ከሰው ቁመት በሚበልጥ ሣር ውስጥ አውራሪስ የሚፈለገው በዓይን አይደለም። ነፋሱ ከወዴት እንደሚመጣ ታውቂያለሽ፤ ጠረንሽን ወደ እሱ በማይወስድበት በኩል ትቀመጫለሽ፤ ከዚያ በጀርባው ላይ የሚያርፉትን ወፎች ትጠብቂያለሽ። ወፎቹ ከሣሩ በላይ ብድግ ብለው እንደገና ካረፉ እሱ ከሥራቸው አለ። ይህን አስረድቼ ሁሉንም ዝም አሰኘሁ። ግርማ እንኳ ዝም አለ። ወፎቹ ተነሡ፤ አረፉ፤ ሣሩ ተከፈለና አውራሪሱ እንደ ተደራረበ ብረት ቆዳውን እያንቀሳቀሰ ወጣ። ወይዘሮ አሰገደች ክንዴን አጥብቀው ያዙኝ። አውሬው ሲርቅ፣ «እግዚአብሔር ይኼን ሲሠራ ሥራ አልነበረውም መሰለኝ» አሉ፤ ሁላችንም ሳቅን።

መርዶው የደረሰን በማግስቱ ፖክራ ስንገባ ነው። ፖክራ ከሐይቅ ዳር ያለች ከተማ ናት፤ በረዶ የለበሱት ተራሮች ከውኃው ውስጥ ተገልብጠው ይታያሉ። ሆቴሉ እንደደረስን ጋሽ ታደለ ወደ ስልክ ተጠሩ። ሲመለሱ ኮታቸውን ቆልፈው ነበር። ወደ አትክልቱ ቦታ ወሰዱኝ።

«ዮናስ ዐረፈ» አሉ። «ትናንት። በደብረ ዘይት መንገድ የጭነት መኪና ገጨው። ዛሬ ቀብረውታል።»

የደወለው የድርጅቱ ባለቤት ነበር፤ መልእክቱን የላኩት ግን የወይዘሮ አሰገደች ታላቅ ወንድም ናቸው። መልእክቱም፦ አይስሙ፤ በደኅና አምጡልን የሚል ነበር።

«እንዴት ነው የምንነግራቸው?» አልኩ።

«አንነግራቸውም። በሰው አገር መርዶ አይነገርም።»

«ጋሼ፣ ልጃቸው ነው። ማወቅ መብታቸው ነው።»

«መብት!» አሉ ጋሽ ታደለ፤ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። «እዚህ ፊታቸውን ሲነጩ እጃቸውን የሚይዘው ማን ነው? አንቺ ነሽ? ያ የሆቴሉ ዘበኛ ነው? ቤታቸው እኅት አለ፣ ጎረቤት አለ፣ እድር አለ። ቢወድቁ የሚያነሣቸው እጅ አለ። ብቻውን የቆመ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይጣልም።»

«እስከዚያው ግን ይስቃሉ። ልጃቸው አፈር ውስጥ ሆኖ እሳቸው በግርማ ቀልድ ይስቃሉ። ኋላ ያንን ሳቅ ሲያስቡት ምን የሚሰማቸው ይመስልዎታል?»

«የኋላው ለኋላ ነው። አሁን ትኬት ፈልጊ።»

በሥራ ዘመኔ ከባዱ ውድቀት የቱ እንደነበር ብጠየቅ የምመልሰው የዚያን ዕለቱን ነው። ወቅቱ የአገሩ ታላቅ በዓል ስለነበር በዴልሂ በኩል የሚሄደው አውሮፕላን ሁሉ ሞልቷል። የአየር መንገዱ ቢሮ ውስጥ ያለው ሠራተኛ ትሑት ሰው ነበር። በሂንዲ ለመንኩት፤ በእንግሊዝኛ ለመንኩት፤ በሕይወቴ ለጥቅም ተጠቅሜበት የማላውቀውን ማዕረጌን ጠራሁለት። ሌሎቻችን ቀርተን ሁለት ወንበር ብቻ እንዲያገኝልን ጠየቅሁ። ምክንያቱን ሲጠይቀኝ ሞት ነው አልኩት። ሐዘኑን በእርጋታ ገለጠልኝ። ከዚያም፣ «እናትየዋ ያውቃሉ?» አለ። አያውቁም አልኩ። ለአፍታ አየኝና ስማችንን ከተጠባባቂዎች ሥር ጻፈው። ወንበር አልተገኘም። ፕሮግራሙን ያወጣሁት እኔ ነበርኩ፤ የኢትዮጵያን ጾም ቆጥሬ የኔፓልን በዓል አልቆጠርኩም።

ስመለስ ወይዘሮ አሰገደችን ከሆቴሉ አጠገብ ካለ ሱቅ አገኘኋቸው። ግራጫ የሱፍ ሹራብ ዘርግተው ይዘዋል።

«ዶክተርዬ፣ ነይማ። ዮናሴን አውሮፕላን ማረፊያ አይተሽው የለ? ትከሻው ይኼን ያክላል? ይሆነዋል?»

ባለሱቁ ይጠብቃል። እሳቸው ይጠብቃሉ።

«ትከሻውን አላስታውሰውም፣ እትዬ» አልኩ። እውነት ነበር። በዚያን ቀን ለእሳቸው የተናገርኩት ብቸኛ እውነት ነበር። ሹራቡን ገዙት።

ጋሽ ታደለ ወሬው ሳይታሰብ እንዳይወጣ ብለው ለሌሎቹ ተጓዦች ለየብቻ ነገሯቸው። ይህ ነው ያጋለጠን። የእኛ ሰው ምላሱን ይይዛል፤ ሐዘኔታውን ግን መያዝ አይችልም። እራት ላይ ወይዘሮ አሰገደች ያልጠየቁት ወንበር ተሳበላቸው። ጠዋት ሻንጣቸውን ሦስት ሰው ለማንሣት ተሻማ። ካገኘው ሰው ጋር ስለ አንድ ብርጭቆ ሻይ ዋጋ የሚከራከረው ግርማ የሁሉንም ሻይ ከፈለ፤ ከዚያም ዝም ብሎ ሐይቁን ያይ ጀመር።

የዚያን ቀን ፕሮግራም በሐይቁ መካከል ባለች ትንሽ ደሴት ላይ ያለውን ቤተ መቅደስ መጎብኘት ነበር። ጀልባዎቹ ትናንሽ ስለሆኑ ተከፋፍለን መሳፈር ነበረብን። ጋሽ ታደለ ወይዘሮ አሰገደችን ከእኔ ጋር አደረጓቸው፤ «ከሁላችንም አንቺ ፊትሽ አያወራም» አሉኝ በሹክሹክታ። ከእኛ ጋር የነበረው ቀዛፊው ብቻ ነው።

ከባሕሩ ዳር ትንሽ እንደራቅን ወይዘሮ አሰገደች፣ «እዚህስ ሴት ያስገባሉ?» አሉኝ። «ጣና ሄጄ ከጀልባ አስቀርተውኛል።»

«ያስገባሉ፣ እትዬ።»

«ጥሩ።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከፊት ያለውን ጀልባ፣ የግርማን ጀርባ ያያሉ። «ዶክተርዬ፣ ግርማ ለምን መቀለድ ተወ?»

ዓይኔን ወደ ቀዛፊው መቅዘፊያ አዞርኩ።

«ትናንት እራት ላይ ምስሩን ሁሉ ወደ እኔ ገፉልኝ። ያቺ ክፉ አፍ ያላት የመርካቶዋ ሴትዮ ሳትቀር ‘እናቴ’ አለችኝ። እኔ ስንት ቤት መርዶ ነጋሪ ሆኜ ሄጃለሁ፤ ከመርዶ በፊት ሰው ፊቱ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ወንድሜ ነው ወይስ ልጄ?»

ወንድማቸው ነው ብዬ መዋሸት እችል ነበር። አላውቅም ማለት እችል ነበር። ጋሽ ታደለ ከኋላችን ባለው ጀልባ ውስጥ ነበሩ፤ ኮታቸው በውኃው ላይ ጥቁር ሆኖ ይታየኝ ነበር።

«ዮናስ ዐርፏል፣ እትዬ» አልኩ።

የጀልባውን ሁለቱን ጠርዞች ያዙ። ይጮኻሉ፣ ይወድቃሉ ብዬ እግሬን አጥብቄ ተከልኩ። አልጮኹም። ውኃውን ብቻ ያዩ ነበር። ቀዛፊው አንድ ነገር እንደተለወጠ ተሰምቶት መቅዘፉን አቆመ፤ ጀልባዋ በራሷ ትሽከረከር ጀመር። ከዚያ ጠየቁኝ፤ አንድ በአንድ። ምን ገደለው? ወዲያው ነው ወይስ ቆይቶ? ማን ገነዘው? ከአባቱ ጎን ነው የተቀበረው? የማውቀውን ነገርኳቸው፤ የማላውቀውን አላውቅም አልኩ። እያንዳንዱን መልስ ራሳቸውን በመነቅነቅ ይቀበሉ ነበር፤ ከወፍጮ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ጆንያ እንደሚረከብ ሰው።

«ጋሽ ታደለ ያውቃሉ?» አሉ በመጨረሻ።

«ያውቃሉ። እንዳልነግርዎ ከልክለውኛል።»

«መከልከላቸው ነው ደግ።» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ወንድሜ ይሆናል ያዘዘው። አውቀዋለሁ። ጥቁሩን አውልቆ፣ ድንኳኑን አስነቅሎ፣ ጎረቤቱን ሁሉ አስጠንቅቆ ይጠብቀኛል አሁን። በሰው አገር፣ ባሕር ላይ፣ ያለ ዘመድ ሰማች ቢሉት ቅስሙ ይሰበራል። እሱም ሰው ነው፤ አርጅቷል።» እጄን ያዙ። «አልነገርሽኝም፣ ልጄ። ሰምተሻል? አልነገርሽኝም።»

«እትዬ፣ ይህን ሁሉ ቀን እንዴት ይችሉታል?»

«እናንተስ ችላችሁት የለ?»

ደሴቲቱ ላይ ወረድን። ጫማቸውን አወለቁ። ቤተ መቅደሱ ውስጥ ግን አልገቡም፤ ከደጃፉ ዛፍ ሥር ፊታቸውን ወደ ተራሮቹ አድርገው ቆሙ። እኔም ከአጠገባቸው ቆምኩ። ፊታቸውን ለማስተካከል የፈለጉት አፍታ ያህል ብቻ ነበር። ስንመለስ ግርማ ከጀልባው ሊያወርዳቸው ሮጦ እጁን ሲዘረጋ፣ «ምነው ግርማ፣ ጫማው አላዋጣ ብሎህ ነው ሸክም የጀመርከው?» አሉት። ግርማ ሳቀ፤ ከትናንት ጀምሮ ያፈነውን ሳቅ ሁሉ ሳቀ። ሌሎቹም ተከተሉት። ጋሽ ታደለ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። «አላወቁም።»

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፏቸው ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ሲበሉ አየኋቸው። ፎቶግራፍ ሲነሡ አየኋቸው። ፕሮግራሙ ላይ የቀረውን ቤተ መቅደስ ሁሉ ጎበኙ። እኔ ከኋላቸው እሄድ ነበር። እውነትን በመናገሬ ሸክማቸውን ያቀለልኩላቸው መስሎኝ ነበር፤ በላዩ ላይ ሌላ ሸክም እንደተጨመረበት ያየሁት በእነዚያ ቀናት ነው፦ የራሳቸውን ሐዘን ተሸክመው የእኛን ምስጢር ደግሞ ይጠብቁልን ነበር።

ቦሌ ላይ ወንድማቸውና እኅቶቻቸው ነጭ ለብሰው ቆመዋል። ሁሉም ይስቃሉ። ወይዘሮ አሰገደች አንድ በአንድ ሳሟቸው። ከዚያም አንገታቸውን አስግገው ከሰዎቹ ኋላ ፈለጉ።

«ልጄስ? ዮናስ አልመጣም?»

«ናዝሬት ሄዷል» አሉ ወንድማቸው። «ለወፍጮው ዕቃ ሊገዛ። ነገ ይመጣል።»

«ይሁን» አሉ ወይዘሮ አሰገደች። «ሥራ ነው።»

ወንድምየው ፊታቸውን ወደ ሻንጣዎቹ አዞሩ።

መርዶ የሚነገረው ንጋት ላይ ነው። በማግስቱ እኔና ጋሽ ታደለ ጎረቤቶች ከተሰበሰቡበት፣ ከወይዘሮ አሰገደች አጥር ማዶ ካለው ቤት ቆምን፤ ጥቁር የለበሱ ሴቶች አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ይጠብቃሉ። የነፍስ አባታቸውና ወንድማቸው ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ወደ እሳቸው ገቡ።

በውኃ ዳር መሬት ላይ እንቁላሏን የምትጥል አንዲት ወፍ አለች። ጠላት ወደ ጎጆዋ ሲቀርብ ክንፏ የተሰበረ መስላ እየተንፈራገጠች ትጮኻለች። የዚህችን ወፍ የማስመሰል ጩኸት ከእውነተኛው መለየት ለዓመታት የሠለጠንኩበት ነገር ነው። ያን ጠዋት ጆሮዬን አቅንቼ ጠበቅሁ። ጩኸቱ መጣ። በውስጡ ሐሰቱን ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። ከሐይቁ ጀምሮ ሳያፈስሱ ይዘውት የመጡት ነበር፤ የሚይዟቸው እጆች እስኪደርሱ ድረስ። ሴቶቹ ሮጠው ገቡ። ከግድግዳው ማዶ ሲያነሧቸው፣ ሲወድቁ፣ እንደገና ሲያነሧቸው ይሰማኝ ነበር።

ጋሽ ታደለ ዓይናቸውን ጠረጉ። «አየሽ?» አሉኝ። «መርዶ እንዲህ ነው የሚነገር።»

ድርጅቱ ወደ ኔፓል ሌላ ቡድን አልላከም። ጋሽ ታደለ ግን አዳዲስ አስጎብኚዎችን ባሠለጠኑ ቁጥር ያንን ጉዞ በምሳሌነት ያነሡ ነበር፤ ሐዘንን እስከ ቤቱ ማድረስ እንዴት እንደሚቻል ለማስረዳት። እኔ በዚያው ክፍል ተቀምጬ አዳምጥ ነበር።

ከዐርባው በኋላ ወይዘሮ አሰገደችን ልጠይቅ ወፍጮ ቤታቸው ሄድኩ። ሞተሩ ይሠራል፤ እሳቸው ከደጃፉ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ በጥቁሩ ልብሳቸው ላይ ዱቄት አርፎበታል። ለጋሽ ታደለ እውነቱን ለመንገር እንዳሰብኩ ነገርኳቸው። የሚያስተምሩት ነገር ስሕተት ነው፤ ወጣቶቹም ስሕተቱን ይማራሉ አልኩ። እስክጨርስ አዳመጡኝ።

«ተያቸው፣ ልጄ» አሉ። «ሰውየው አርጅተዋል። ማንም አጠገባቸው የለም፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩ። እንዲህ ያለ ነገር ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም።»